የጓድ አካሉ የሙዚቃ ሳጥን

«የተበሳ ከበሮ ሲያጓራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለ አጎቴ ቢተው መዶሻውን ወደ ላይ አንስቶ። «እስቲ ንገሪኝ፣ በየትኛው ደብር ነው የተበሳ ከበሮ የሚመታው?»

«ከበሮ ሥራልኝ ያለህ የለም። ሳጥን ነው የታዘዝከው» አለች እናቴ።

«ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ ከበሮ ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ ያንተም አፍ ከበሮ ነው። እሱ ታዲያ ለምን ተበሳ?»

አጎቴ መዶሻውን አወረደው፤ አላስቀመጠውም ግን። «ስሚ አበዛሽ። እኔ ጢሜ ሳይበቅል ጀምሬ ዋንዛ ስቦረቡር የኖርኩ ሰው ነኝ። ለሚካኤል ሠርቻለሁ፤ ለመንዙማው ሠርቻለሁ። ክርስቲያኑም እስላሙም ቢተው የሠራው ያፈሳል ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ባንቺ ምክር ስሜን ልብሳው?»

«ብሳው! ጭብጤን የሚያስገባ አንድ ቀዳዳ! ካልተበሳ እኮ...» እዚህ ላይ እናቴ ሰጋቱራው ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አየችና ድምፅዋን ዋጠች። «ካልተበሳ አያምርም» ብላ ጨረሰችው።

በስምንት ዓመቴ ፍርዴ ግልጽ ነበር። አጎቴ ልክ ነው፤ እናቴ ደደብ ናት። ከበሮ ድፍን መሆኑን መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። እሷ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ስለ ድምፅ ምን አግብቷት ነው ከባለሙያ ጋር የምትሟገት? በዚያ ላይ ሳጥኑ የማንም ሳጥን አልነበረም። የጓድ አካሉ ነበር።

ጓድ አካሉ የከተማችን የቅስቀሳ ኃላፊ ነው። ሥራው በላንድሮቨር ከገበያ ገበያ እየዞረ፣ ሕዝቡ ባለፈው ሳምንት የሰማውን በዚህ ሳምንት ደግሞ ማሰማት ነበር። የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ጥሩንባ የመሰለ ድምፅ ማጉያ ታስሯል። ይህ ዕቃ የሰው ድምፅ ተቀብሎ የፍየል ድምፅ ያወጣል። ገበሬው ከሩቅ ሲሰማው «ፍየሏ መጣች፣ እህልህን ሸፍን» እየተባባለ ይስቅ ነበር፤ ጓዱም ይህን ሳይሰማ አልቀረም።

አንድ ጊዜ ለስብሰባ ደሴ ወርዶ የአንድ ኮሎኔል መኪና ውስጥ ተቀመጠ። ኮሎኔሉ ካሴት ከፈተ። ጓድ አካሉ ከዚያ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። «ዘፈኑ በጆሮ አይደለም የሚገባው» ይል ነበር፣ ሆዱን በመዳፉ እየመታ፤ «እዚህ ጋ ነው፤ እምብርት ላይ!» ብዙም ሳይቆይ ከአንድ የተዘጋ ቡና ቤት ግራሞፎን የሰፌድ እኩሌታ የሚያክል ስፒከር አስነቀለ። ሾፌሩ ጀብሪል ስፒከሩን ከመኪናው ቴፕ ጋር አያይዞ ቢሞክረው የሚጮኸው ነገር እንደ ባልቴት አሳለ እንጂ እምብርት ድረስ አልደረሰም። ሳጥን ያስፈልገዋል ተባለ። ሳጥን ደግሞ አጎቴ ቢተው ዘንድ ነው። ክርክሩም ከዚያ ጀመረ፤ ድፍን ይሁን ወይስ ቀዳዳ ይኑረው?

ያኔ የማላውቀውን ነገር አሁን ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ አሻግሬ ወደብ ላይ ሊሠራ አሰብ ወርዷል ተብዬ ነበር። አምኜም ነበር፤ እንዲያውም ሳይሰናበተኝ በመሄዱ ንቄው ነበር። እሱ ግን አሰብን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አጎቴ ሱቅ ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ከተከመረው ጣውላ በስተጀርባ፣ ውሻ በሚጠብበት ክፍተት ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር። ስለ ገዛ ትንፋሹ የሚደረገውን ክርክር ቃል ሳይቀር ይሰማል።

ዘመኑ የአፈሳ ዘመን ነው። እናቴ አባቴን ለምሥራቁ ጦርነት ሰጥታ ባዶ እጇን ቀርታለች፤ ልጇን ለሰሜኑ ልትደግም አልፈለገችም። በእግሩ እንዳይሸሽ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ወጥመድ ነበር። እያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር ይህን ያህል ወጣት አምጣ ስለሚባል፣ የሰፈሩ ሰው እንግዳ ወጣት ሲያይ ተሻምቶ ይይዘዋል፤ በገዛ ልጁ ፈንታ ያስረክበዋል። ውኃ ለምኖ ሲጠጣ የተያዘ አለ። ሳይፈተሽ ኬላ የሚያልፍ ነገር ቢኖር የጓድ አካሉ መኪና ብቻ ነበር። አጎቴ፣ እናቴና ጀብሪል ይህን አውቀው ነው ሳጥኑ ላይ የተረባረቡት።

አጎቴ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው እንግዲህ አልበሳም ያለው። እናቴ በስተርጅናዋ ነው የነገረችኝ፤ ስትነግረኝም ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ከንፈሯ በንቀት ይጣመም ነበር። «ከታች በጣውላዎቹ መሃል ትንሽ ትንሽ ክፍተት ልተውለት አለኝ። ከታች አቧራ ነው እያልኩት! ከወረኢሉ መንገድ አቧራ ሰው ይተርፋል? እሱ ግን ሰው ምን ይለኛል ነው። የእህቱ ልጅ ቢታፈን ይታፈን፤ ቢተው የተበሳ ዕቃ ሠራ እንዳይባል ብቻ።» ክፉ ሰው አልነበረም። ባለሙያ ነበር።

እናቴን የናቅኩበት ሁለተኛው ምክንያት ጀብሪል ነው። ጀብሪል ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ሾፌር ነበር። ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መምጣት አበዛ። እናቴም ለሱ ብላ ቀሪቦ መጥመቅ ጀመረች፤ ጠላ አይጠጣማ። እኔ ማሩን ልልስ ስል እጄን ትመታኛለች፤ ለሱ ግን በትልቁ ብርጭቆ ትሞላለታለች። ጎረቤታችን አስቻለች መንገድ ላይ ይዛኝ «እናትሽ ልትሰልም ነው አሉ፤ አንቺንስ ማን ሊሉሽ ይሆን?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ መጣሁና በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ጀብሪል መሬት ላይ በጎኑ ተኝቷል። ጉልበቱን እስከ ደረቱ ሰብስቦ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ እንደ ታመመ ልጅ ተጠቅልሏል። እናቴ አጠገቡ ተንበርክካ ከራሱ እስከ መቀመጫው ገመድ ትዘረጋለች።

«ትንሽ ሰብሰብ በል» አለችው።

«ወላሂ ከዚህ በላይ አልሰበሰብም፤ አጥንት አለኝ እታለም!»

«እሱም አጥንት አለው። ትከሻህንስ?»

«ትከሻዬ ይቅርብኝ፤ እግሬ ነው የደነዘዘ። እንዲህ ሆኖ እስከ ደጎሎ? አላህ ያግዘው!»

እናቴ ገመዱ ላይ ቋጠሮ ቋጠረች። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ላይ ሳቁ፤ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ። አባቴ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ወደ ኋላ አፈግፍጌ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩና ሁለቱንም በየተራ ረገምኳቸው። መሬት ላይ ተጠቅልሎ የሚለካ ወንድ፣ እየሳቀች የምትለካ ሴት! ይህ ምን ዓይነት ፍቅር እንደሆነ ባላውቅም አስጸያፊ መሆኑን አውቄ ነበር።

ጀብሪል በቁመት አሻግሬን ያክላል። አሻግሬን በቀን ከጣውላው ጀርባ አውጥቶ መለካት አይቻልም ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። የአስቻለችን ሐሜት ግን እናቴ አንድ ቀን እንኳ አላስተባበለችም። ሾፌሩ ለምን ይመላለሳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ መልሱን አስቻለች በነፃ ታድልላት ነበር።

ጓድ አካሉ ሊወስን የመጣው ሐሙስ ነው። ሚሊሻውን ከነጠመንጃው አስከትሎ፣ ካኪውን ለብሶ፣ ኪሱ ላይ ሦስት እስክርቢቶ ሰክቶ ወደ ግቢያችን ገባ። የአጎቴ ሱቅ ከኛ ቤት ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ነበር። እኔን ሲያይ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው «የጀግና ልጅ!» ብሎ ጉንጬን ቆነጠጠኝና ከረሜላ ሰጠኝ። ከረሜላው ኪሱ ውስጥ ከርሞ ትንባሆ ትንባሆ ይላል። ያኔ የትልቅነት ሽታ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ትንባሆ ብቻ ነው።

«የኮሎኔሉ ድፍን ነው» አለ ጓዱ ገና ሳይቀመጥ። «እንደ ካዝና። ዙሪያውን አይቼዋለሁ፤ መርፌ አያስገባም።»

አጎቴ ፊቱ በራ። «እኔስ ምን አልኩ ጓድ! ይኸው እህቴ ምስክር ናት። ድምፅ እንደ ጠላ ነው፤ ከተበሳ ይፈሳል ብያለሁ።»

እናቴ አጎቴን አየችው። ያን አስተያየት ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ያኔ የተሸነፈች ሴት ቂም መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጀብሪል ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ፣ አዲስ አበባ ያየኋቸው ቀዳዳ አላቸው። ስፒከሩ ሲገፋ አየሩ በቀዳዳው ይወጣል፤ የሚያጓራውም ያኔ ነው። ደግሞ የኮሎኔሉ ትንሽ ናት፤ ለርስዎ የምትመጥን...»

«መጠኑን ተቀብዬዋለሁ። ከኮሎኔሉ ይብለጥ። ቀዳዳውን ግን ማን ጠየቀህ? አንተ ሾፌር ነህ፤ ንዳ!»

«እሺ ጓድ» አለ ጀብሪል፣ ዓይኑን እናቴ ላይ ጥሎ።

ጓዱ ጉዳዩ አልቋል በሚል እጁን አራገፈ። አጎቴ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሳ። በዚያች ቅጽበት ወንድሜ ከጣውላው ጀርባ ሆኖ ሞቱን ሲፈርዱበት ሰምቷል፤ እናቴም ታውቃለች መስማቱን። ስለ ድምፅ አንዳች ነገር አታውቅም ነበር። የምታውቀው ስለ ትንፋሽ ነው። ዓይኗ ግቢውን ሲዞር፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣው ትልቁ የጠላ ጋኗ ላይ አረፈ።

«ጓድ» አለች ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ «እኔ መሃይም ነኝ። ግን አንድ ነገር ባሳይዎት ይቆጡኛል?»

«ቶሎ በይ።»

ጋኑን አቅፋ አምጥታ እግሩ ሥር አቆመችው። አፉን በሰፌድ ከደነችና «እስቲ እዚህ ላይ ይናገሩ» አለችው። ጓዱ ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ብሎ «አብዮት!» አለ። ሰፌድ ላይ እንደተናገረ ሰው ሆነ። እናቴ ሰፌዱን አነሳች። «አሁን ደግሞ ከአፉ ገባ ብለው።»

ጓድ አካሉ ዙሪያውን አየ። ሚሊሻው ዘወር አለ። ከዚያ የቅስቀሳው ኃላፊ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ራሱን ጋኑ ውስጥ ከተተ።

«አብዮት!»

ጋኑ አጓራ። ድምፁ ከመሬት የወጣ መሰለ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ።

«ወይም ሞት!» አለ ጋኑ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ «ጓድ አካሉ! ጓድ አካሉ እባላለሁ! ኧ! ኧኧኧ!» አለ። ሰውዬው የገዛ ድምፁን ወደደው። መውጣት አልፈለገም። ጀብሪል ጀርባውን ሰጥቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አጎቴ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ሲወጣ ቆቡ ወደ ውስጥ ወድቃ ስለነበር ሚሊሻው ጠመንጃውን ለአጎቴ አስይዞ ጋኑን ዘቀዘቀው። ጓዱ ጆሮው ላይ የጌሾ ቅሪት ተለጥፎበታል። ማንም አልነገረውም።

«ሰማችሁ?» አለ በደስታ እየተነፈሰ። «ሰማችሁ ያልኩትን? ቀዳዳ ነው የሚያስፈልገው! ድፍኑ ምን ያደርጋል? ድፍኑ አየር የለውም!» ወደ አጎቴ ዞረ። «አንተ ግን ባለሙያ ነኝ ትላለህ። ከበሮ ከበሮ እያልክ ወደ ኋላ ትጎትተናለህ። ብሳው!»

«እበሳዋለሁ ጓድ» አለ አጎቴ፣ በጣም ተጎድቶ።

እኔ ያን ቀን በእናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮራሁ። ለትልቅ ሰው ትልቁን ጋኗን አቀረበች፤ እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ የቤታችንን ዕቃ አከበረ ብዬ አሰብኩ። ማታ ግን ጋኑን ይዛ አጥር ሥር ወሰደችውና ለዶሮዎቹ ማደሪያ አጋደመችው። ከዚያ ወዲያ ጠላ ጠምቃበት አታውቅም። ለምን ስላት «ሸተተ» አለችኝ።

ሳጥኑ ተሠራ። አጎቴ ቀዳዳውን በመሮ ሲቆፍር ፊቱ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው ነበር። እናቴ ውስጡን በሱፍ ባና አለበሰችው፤ ድምፁ እንዲለሰልስ ነው አለች። ቀዳዳው በስስ ጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ። የሳጥኑ የታችኛው ጣውላ በምስማር ሳይሆን በብሎን የተያዘ ነበር። አስቻለች አይታው «ይህ ለዘፈን ነው ወይስ ለሬሳ?» አለች፤ እናቴ ደግሞ «ለጓዱ ነው፤ አንዱን ምረጪ» አለቻት። ይህንንም እንደ ስድብ አልቆጠርኩትም ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ጀብሪል መኪናዋን እስከ ሱቁ በር ድረስ አስጠግቶ አቆመ። እኔን ጨው ግዢ ብለው ላኩኝ። ጨው ቤታችን ነበረ፤ ይህን ተናግሬ ኩርኩም ቀመስኩ። ስመለስ ሳጥኑ ከፊት ወንበሮቹ በስተኋላ ታስሮ አልቋል። አጎቴ ላቡን ይጠርጋል። እናቴ እጇን ትታጠባለች። ጀብሪል «አብሽሪ እታለም» አላት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። እኔ መሬት ላይ ምራቄን ተፋሁ።

ገበያው በሞላ ጊዜ መኪናዋ አደባባዩ ላይ ቆመች፣ የኋላ በሯ ተከፍቶ። ሰዉ ከበበ። ጓድ አካሉ ንግግሩን የሚጀምርበት ነገር ሲፈልግ እኔን አየኝ። አንስቶ መኪናዋ ውስጥ፣ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠኝ።

«ይህቺን ልጅ አያችሁ?» አለ። «አባቷ ለእናት አገሩ ወድቋል። ወንድሟ ግን ፈርጥጦ አሰብ ገብቷል ይባላል! አንድ ቀን በጆሮው ጎትተን እናመጣዋለን! ከአንድ ቤት ጀግናም ፈሪም ይወጣል፤ እሷ ግን በጀግናው ወገን ናት። አይደለሽም?»

«ነኝ» አልኩ፣ በተቻለኝ መጠን ጮክ ብዬ። በአሻግሬ ከልቤ አፈርኩ። እናቴን በሕዝቡ መሃል አየኋት፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

«ቴፑን ክፈት!» አለ ጓዱ።

ጀብሪል ከፈተ። የሰልፍ ዘፈን ነበር። ከመቀመጫዬ እስከ ጥርሴ ተንቀጠቀጥኩ፤ ጓዱ እምብርት ላይ ነው የሚገባው ያለው እውነት ነበር። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸ። «ጨምር!» አለ ጓዱ። ጀብሪል ያልሰማ መሰለ። «ጨምር እኮ ነው የምልህ!» ጀብሪል ጨመረ።

እግሬ እንዳይንሸራተት ጎንበስ ብዬ ስደገፍ መዳፌ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አረፈ። ከቀዳዳው አየር ይወጣል። ዘፈኑ በመታ ቁጥር ቀዝቃዛ አየር እፍ ይላል። ዘፈኑ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለው ጸጥታ ግን የሚወጣው ሞቃት ነበር፤ እርጥብም ነበር። መሣሪያው ግሏል ብዬ አሰብኩ። እንደዚህ ያለ ብልህ መሣሪያ የሠሩ ሰዎች ምን ያህል የተማሩ ናቸው ብዬ ተደነቅኩ።

አሻግሬ ዛሬም በግራ ጆሮው አይሰማም። ሰርግ ቤት ሲጠራ ከስፒከሩ ርቆ ደጅ ይቀመጣል፤ ሰው ኩራት ይመስለዋል። ያን ቀን ደጎሎ እስኪደርስ፣ ጓዱ እንግዳ ማረፊያው እስኪገባና ጀብሪል ብሎኖቹን ፈትቶ እህቱ ሀጀራ ቤት እስኪያስገባው ድረስ ያ ስፒከር ከራሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ስለዚያ መንገድ ስንጠይቀው የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘፈኖቹ መጥፎ ነበሩ ይላል።

ጓድ አካሉ በበኩሉ ከደጎሎ በተመለሰ ማግስት ሳጥኑን አስወርዶ አጎቴን ወቀሰው። ስንሄድ ድምፁ ወፍራም ነበር፣ ስንመለስ ግን ይንጫጫል፤ እንጨትህ እርጥብ ነበር አለው። አጎቴ ቢተውም ከልቡ ተከራከረ፤ እንጨቱ ደረቅ ነበር፣ ያበላሸው ቀዳዳው ነው ብሎ። እስኪሞት ድረስ ይህን አልተወም።

ግን ገና አደባባዩ ላይ ነን። ጓዱ ከሳጥኑ ላይ አወረደኝ፤ ከረሜላ ሰጠኝ። ሚሊሻው በኋላ በር ገብቶ ቡትስ ጫማውን ሳጥኑ ላይ አስደግፎ ተዘረጋ። ጓዱ ከፊት ተቀመጠና በመስኮት «ቀዳዳውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ!» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ሦስተኛው ዘፈን ጀመረ፣ ከሁለቱም ይበልጥ ጮኾ።

የአንድ ሽማግሌ በቅሎ ጌሾ እንደተጫነች እዚያው አጠገብ ቆማ ነበር። ዘፈኑ ሲጀምር ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ ዘለለች። ጭነቱ ሆዷ ሥር ተንጠለጠለ። ሸክላ የተደረደረበትን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ረግጣ፣ የቃሪያ ዘንቢል በራሷ ሰክታ፣ በበግ ተራ በኩል ገሰገሰች። አደባባዩ በአንድ ጩኸት ተነሳ። «ያዛት! ኧረ በአላህ ያዛት!» «ከፊት ቁሙላት!» ሸክላ ሻጮቹ ይራገማሉ፤ ልጆች ይሮጣሉ፤ ሽማግሌው ዱላውን ይዞ «አደራ እግሯን!» እያለ ይከተላል። አስቻለች ከሳቅ የተነሳ ቁጭ ብላለች። እኔም ከረሜላዬን ጉንጬ ውስጥ ወትፌ ከልጆቹ ጋር ሮጥኩ። እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

በቅሎዋን ከግንቡ ጥግ አግተን ስንመልሳት ሰዉ የሚያወራው ስለ ሸክላው ነበር፤ ማን ይክፈል፣ ባለበቅሎው ወይስ ባለሸክላዎቹ መንገድ ዘግተዋልና ራሳቸው ይሸከሙት። እናቴ መሬት ላይ ተንበርክካ ለሽማግሌው የተበተነውን ጌሾ በሁለት እጇ እየሰበሰበች ጆንያው ውስጥ ትከታለች። ፊቷን ወደ በግ ተራው አድርጋ ነበር። ከጀርባዋ በኩል፣ ከአደባባዩ ማዶ፣ የኬላው ገመድ ወርዶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ዘበኛው ላንድሮቨሯ ባስነሳችው አቧራ መሃል እጁን ከግንባሩ ላይ እያወረደ ነበር። ከዚያ ገመዱን ሳበው፣ አሰረው፣ ወደ ጥላው ተመለሰ።

«ቅጠሉን አትርገጪው» አለችኝ እናቴ። «ነይ፣ ያንን አቀብዪኝ።»

አቀበልኳት።